የግብሩ ዓመት ልጅ

ዛሬ እማዬን ለመታወቂያ ምዝገባ ይዣት ሄድኩ። ሞጣ ነን። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወረፋው አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል። ፎቶ አለው ስላልኳት ሹሩባ ተሠርታለች፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳለች።

መዝጋቢው ልጅ እግር ነው። «እማማ፣ መቼ ተወለዱ?» አላት።

«በግንቦት ልደታ ማግስት።»

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«የግብሩ ዓመት ነዋ!»

ልጁ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ቀኑን እንዲህ አንጥራ የምታውቅ ሴት ዓመቱን እንዴት ታጣዋለች ብሎ መሰለኝ። እኛ አገር ግን ብርቅ አይደለም። ቀኑ በታቦት ይያዛል፣ ዓመቱ በዚያ ሰሞን በሆነው ነገር። የድሮ የቀበሌ መታወቂያዋ «ዕድሜ 45» ይላል። በታደሰ ቁጥርም ያው 45። አሥር ዓመት ሙሉ 45 ሆና ኖራለች። ቅር ያላት አይመስለኝም።

ተራችንን ከኋላችን ላለው ሰው ለቀን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። የቱ ግብር እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ጎጃም አልገብርም ብሎ የተነሣበት! አውሮፕላን ሲመጣ እናቴ እኔን ታቅፋ፣ አራስ ወገቧን ይዛ ጫካ ገባች። ስትነግረኝ ነው የኖረች።»

1960 ማለት ነው። የጃንሆይ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ ገበሬው «ርስታችን ሊለካ፣ ሊነጠቅ ነው» ብሎ የሸፈተበት።

ዓመቱ በአራቱ ወንጌላውያን ተራ ይጠራል አይደል፣ የዚያ ዓመት ወንጌላዊስ ማን ነበር? «ዮሐንስ» አለች፣ ሳታስብ። ስልኬን አወጣሁ። ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 እና 1960 ሲደመር 7460። ለአራት ሲካፈል ምንም አይተርፍም። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ነበር። ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። ልክ ገባ! አንድ መጽሐፍ ሳትገልጥ!

አሁንም አላመንኩም (እኔ እንዲህ ነኝ)። በ67 መሬት ላራሹ ሲታወጅ ምን ታክይ ነበር አልኳት። ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ የፊት ጥርሷን በጣቷ ነካችው። «የወተቷን ነቅዬ ጣራ ላይ የወረወርኩ ጊዜ ነው። አባቴ ከስብሰባ መጣና መሬት ተሰጠን አለ። እኔ ጥርሴን ላሳየው ብል ማን ይየኝ።»

ስድስት፣ ሰባት ዓመት። ገጠመ።

እኔ ራሴ የካቲት 83 ነኝ። ለእሷ ግን «ደርግ ከጎጃም የወጣ ሰሞን» ነኝ፣ ፓስፖርቴ ላይ ደግሞ 1991። ይሄ ነገር ሁሌም ያምታታኛል። ፌስቡክ ላይ «የ90ዎቹ ልጆች» የሚል ነገር ሲመጣ እኔም ሼር አደርጋለሁ፣ በ94 የተወለደችው የእህቴ ልጅም ታደርጋለች። እኔ በፈረንጅ፣ እሷ በሐበሻ። አሥራ አንድ ዓመት እንበላለጣለን፣ ሁለታችንም ግን ስለራሳችን የተጻፈ ነው የሚመስለን። ከዚህ ሁሉ ስም ይሻላል። አብዮት የሚባል ሰው ስተዋወቅ ዕድሜውን ጠይቄ አላውቅም።

ተመልሰን ገባን። «ግንቦት 2፣ 1960» አልኩት። ልጁ ጻፈው። ኮምፒዩተሩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ገለበጠው መሰለኝ፣ ልጁ ጮክ ብሎ አነበበልን።

«ሜይ 10፣ ስልሳ ስምንት። ትክክል ነው፣ እማማ?»

እማዬ ደነገጠች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ከዚያ እሱን።

«ኧረ ልጄ፣ በስልሳ ስምንትማ ጥጃ እጠብቅ ነበር!»