ሰበታ ላይ ጌጁ 95 አይልም

ሰበታ ባለችኝ ትንሽ ወርክሾፕ ለሶላር መብራት የሚሆን ጎበጥ ያለ የፍሬኔል ሌንስ በሻጋታ እሠራለሁ። ፈረንሳዊው ፍሬኔል እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ለመርከብ ጠቋሚ መብራት ያወጣው ዘዴ ነው፤ ወፍራሙን ሌንስ በቀጫጭን ክብ ቦዮች መተካት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠፍጣፋ የአክሪሊክ ፍሬኔል ላይ ፈሳሽ ሲሊኮን ታፈሳለህ፤ ሲጠነክር ትልጠዋለህ። ልጣጩን ቦዩን ወደ ውጭ አድርገህ ቱቦ ላይ ትጠቀልላለህ። ሰፋ ያለ ቱቦ ታለብሰውና መሐሉን በኢፖክሲ (ፈሶ በሚጠነክር ሙጫ) ትሞላለህ። የላቴክስ ጓንት አታድርግ፤ ሰልፈሩ በፕላቲነም የሚሠራውን ሲሊኮን እንዳይጠነክር ያደርገዋል።

ጉዱ ያለው አየር ማውጣቱ ላይ ነው። ሲሊኮኑ ሲቀላቀል አረፋ ይይዛል። አረፋው ቦዩ ውስጥ ከቀረ ሌንሱ ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በቫኩም ፓምፕ ይሳባል። መመሪያው «ጌጁ ከዜሮ በታች 95 ኪሎፓስካል ይድረስ» ይላል። ጌጁ የግፊት መለኪያው ነው፤ ዜሮው በዙሪያው ያለው አየር ግፊት ሲሆን፣ የሚያሳየው ከዚያ ምን ያህል እንደተቀነሰ ነው። የእኔ 75 ላይ ቀጥ ይላል።

ያበደረኝ ተቋም ባለሙያ ላከ። ሰውየው መመሪያውን አየ፣ ጌጁን አየ፣ «ፓምፑ ጉድለት አለበት» ብሎ ጻፈ። ቀሪው ክፍያ ታገደ።

«ኢንጂነር፣ መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው» አልኩት። እዚያ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ሰበታ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ያለን በሙሉ 77 ገደማ ነው። ከ77 ላይ 95 እንዴት ይቀነሳል?

ስልኩን አወጣ። የአየር ሁኔታ አፑ 1,018 ሄክቶፓስካል ይላል፤ አሥሩ ሄክቶፓስካል አንድ ኪሎፓስካል ነው። «ይኸው 101!» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አፑ የሚያሳየው ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የተስተካከለ ግፊት ነው። የስልኬን ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ከፈትኩለት፤ 770 ሄክቶፓስካል ገደማ። «ስልክህ ተበላሽቷል» አለ። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል ብዬው ቢሆን ኖሮ ጀበናውንም ጉድለት አለበት ብሎ ይጽፍ ነበር።

እና ጌጁን ተወው፣ አረፋውን እይ። ሲሊኮኑ ተነፋፍቶ ራሱ ሲሟሽሽና አረፋው ሲጠፋ ይበቃዋል። ዕቃህ ከሲሊኮኑ አራት አምስት እጥፍ ይስፋ፤ አለዚያ ገንፍሎ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። ጌጅ የምትገዛ ከሆነ ፍጹም ግፊት የሚለካውን፣ ማለትም ከዙሪያው አየር ሳይሆን ከባዶ ጀምሮ የሚቆጥረውን ግዛ። «ትልቅ ፓምፕ ያስፈልግሃል» የሚልህን ነጋዴ አትስማ፤ የትኛውም ፓምፕ ሰበታ ላይ 95 አያመጣም።

ሌንሱ በዚያው «ጉድለት ባለበት» ፓምፕ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ክፍያው ግን እስካሁን አልተለቀቀም።