ቁጥር 1 የሰጠኋቸው በሮች

ያ ክሊፕቦርድ እስከ ቅርብ ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ልትጥለው ስትል ነጥቄ አስቀርቼዋለሁ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ለአንድ የምርጫ ተወዳዳሪ ቤት ለቤት በር እያንኳኳች ልትቀሰቅስ መመዝገቧን ስትነግረኝ አቧራውን አራግፌ አወጣሁት። ለሷ የነገርኳትን ነው የምጽፈው። ለኔ ማንም አልነገረኝም።

ነገሩ የ2011 ነው፣ በፈረንጆቹ። ሰሜን ቨርጂኒያ። ለካውንቲው ቦርድ፣ ማለትም ለአካባቢው አስተዳደር ምክር ቤት፣ ከሚወዳደሩት አንዱ ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነበር፤ ጥቁር አሜሪካዊ። ስሙን አልጠራም። ልጄ ከአዲስ አበባ በመጣ ሰሞን፣ እንግሊዝኛው አልፈታ ብሎት ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን ሲቀመጥ፣ ትሪውን ይዞ አጠገቡ የሚቀመጠው እኚህ ሰውዬ ነበሩ። ይሄን ውለታ መመለስ ነበረብኝ።

ምዝገባው አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሥልጠናው አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዶናት ጋር። የመራጮች ሊስት ይሰጡሃል፤ ታንኳኳለህ፤ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ትሰጣለህ። 1 ማለት የለየለት የኛ ደጋፊ ነው። 5 የለየለት የነሱ። 3 አልወሰነም። በቃ።

የቅስቀሳ ቢሮውን የሚመራው ሃያ ሦስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነበር፤ ሁለት ስልክ የሚያወራ። አንድ ሰው ተነስቶ «የተወዳዳሪው ቀለም ችግር አይሆንም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ልጁ ሳቀ። «ኦባማ ይቺን ስቴት በ2008 አሸንፏል፤ ያ ነገር አልቋል፤ በር ላይ አታንሱት» አለ። እኔም አመንኩት። ቨርጂኒያ ከ1964 ወዲህ ለዴሞክራት ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ድምጿን ስትሰጥ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ማንስ አያምንም?

ልጁ ያልነገረን አንድ ነገር አለ፤ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር። ያኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ለካውንቲ ቦርድ በሚደረግ ምርጫ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ፓርቲ አይጻፍም ነበር። ስም ብቻ። ኦባማን የመረጠው ሰው «ዴሞክራት» የሚል ቃል አይቶ ነው የመረጠው፤ ቀለሙን ወደደውም ጠላውም ፓርቲው ይዞታል። እዚህ ግን ፓርቲ የለም። ሰውየውን አታውቀውም። የምታውቀው ፖስታ ሳጥንህ ውስጥ በገባው ወረቀት ላይ ያለውን ፊት ነው። ታዲያ በምን ትወስናለህ?

ኦክቶበር ነው። የደረሰኝ ሰፈር ከሞላ ጎደል ነጭ ነው፤ በየደጁ ዱባ ተደርድሯል። የመጀመሪያዋ ሴትዮ እጇ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጣች። «ውይ፣ እሳቸውን እንወዳቸዋለን! ለልጆች የለፉት ልፋት!» አለችኝ። 1። ቀጥሎ ጀልባውን የሚያጥብ ሰውዬ፤ «ጥሩ ሰው ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ፤ መልካም ዕድል» አለ። 1። ቤት ለቤት እንዲህ ነው። ፈገግታ፣ ውሃ፣ አንዳንዴም ኩኪስ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ጋራዡ ውስጥ መጋዝ ይዞ፣ «አልዋሽህም ልጄ፤ እኔ እሱን አልመርጥም» አለኝ። ምክንያቱን አልነገረኝም። ግን ሙቀቱን አይቶ ቀዝቃዛ ውሃ አወጣልኝ። 5 ብዬ ጻፍኩለትና በሆዴ ዘረኛ ብዬው ሄድኩ።

በሦስት ቅዳሜ 140 አንዶች ሰበሰብኩ። ቢሮ ግድግዳ ላይ ስሜ ከላይ ተጻፈ። ኮራሁ፣ ምን ይደረግ።

አብራን የምትሠራ ነጭ አሮጊት ነበረች፣ የቀድሞ መምህርት። በሦስተኛው ሳምንት ከኔ አንዶች አሥሩን በር መልሳ አንኳኳች። የሷ ወረቀት ላይ አራቱ 1 ናቸው። አራቱ 3። ሁለቱ 4። ደሜ ፈላ። የቀናችብኝ መሰለኝ፤ አንኳኩታ ሰው ማናገር የማታውቅ መሰለኝ። እሷ በቀስታ «አንተን ማስቀየም አልፈለጉም» አለችኝ። «ለምን ይዋሻሉ?» አልኳት። ፊቴን አየችና ዝም አለች። ፊቴ መልሱ ነበር።

ከዚያ የ1989ኙን ምርጫ አነሳችልኝ። ዳግላስ ዋይልደር እዚሁ ቨርጂኒያ ለገዥነት ሲወዳደር ነው፤ በአሜሪካ በምርጫ ገዥ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር። ከምርጫ ጣቢያ የወጡ ሰዎች ሲጠየቁ በ10 ነጥብ ያህል ይመራ ነበር። ሲቆጠር ያሸነፈው ከ7 ሺህ ባነሰ ድምፅ ነው። በኋላ እንዳነበብኩት ደግሞ፣ በዚያው ምርጫ ዋዜማ የተሰበሰበ መጠይቅ ሲመረመር፣ ነጭ መራጮች ጠያቂያቸው ጥቁር ሲሆን ለዋይልደር ያላቸውን ድጋፍ ከፍ አድርገው ይናገሩ ነበር። እኔ ደግሞ ከነአክሰንቴ ደጃቸው ቆሜ ነው የምጠይቃቸው።

አሮጊቷ የራሷ ዘዴ ነበራት። «ማንን ትመርጫለሽ?» አትልም። «ጎረቤቶችሽ ምን ይላሉ?» ነው የምትለው። ዱቄት የነካት ሴትዮ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «እኔ ምንም ችግር የለብኝም። ግን እዚህ ሰፈር ሰዎች ገንዘቡን ሁሉ ለነሱ ሰፈር ይወስዳል ይላሉ።» ለነሱ። ርዕሰ መምህሩ የሚኖሩት ከሷ ሁለት መንገድ አልፎ ነው።

ይሄን ይዤ ልጁ ዘንድ ሄድኩ። ቁጥሮቹ ይታረሙ፤ እነዚህ ሰዎች ያሳሰባቸው ገንዘቡ ስለሆነ ተመልሰን ስለ መንገድና ስለ ትምህርት ቤት እናውራቸው አልኩ። «1 የተባለ ሰው ተመልሶ አይንኳኳም፤ ደንቡ ነው» አለኝ። አንዱ ስልክ ጮኸ። አነሳው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ሳይሆን እዚያው ቆሜ እስኪጨርስ አለመጠበቄ ነው። ስሜ ከግድግዳው እንዲወርድ አልፈለግኩም። እውነቱ ይሄው ነው።

ኖቬምበር 8፣ የምርጫው ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከጣቢያው በር 40 ጫማ ርቄ ቆምኩ፤ ሕጉ ከዚያ አታልፍም ይላል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ እስኪዘጋ አልተነቃነቅኩም። የኔ አንዶች መጡ። አንዳንዱ ወረቀቴን ተቀበለ። ብዙው የመኪናውን ቁልፍ እያየ አለፈ። ጋራዡ ውስጥ ያገኘሁት ሽማግሌ ግን ጠጋ ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ ከዚያ ገብቶ ሌላውን መረጠ ብዬ አስባለሁ።

በዚያ ጣቢያ ሰውዬአችን 97 ድምፅ አገኙ። ከኔ 140 አንዶች ጋር አስተያዩት። ምናልባት አልወጡ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከወራት በኋላ ግን ማን እንደመረጠ የሚያሳየው ዝርዝር ደረሰን። ማንን እንደመረጠ አይታይም፤ መውጣት አለመውጣቱ ብቻ ነው። ከ140ው 118ቱ ወጥተዋል።

ሁሉም በቀለም ነው አልልም። ተቃዋሚው ስለ አንድ የተጨናነቀ መንገድ የሚረባ ሐሳብ ነበረው። ኦባማ ላይም ቢሆን በ2008 በአገር ደረጃ የተሠሩት የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ብዙም አልሳቱም። ግን ያቺን «ለነሱ» የምትል ቃል የሰማ ሰው ቀለም አብቅቷል ቢሉት አይሰማም።

የኛን ሰው ደግሞ ልንገራችሁ። ሐበሻ የሚበዛባቸው አፓርታማዎች ሄጄ ነበር። ቡና ተፈላልኝ፤ ሁሉም «እንመርጣለን» አሉ። አንድ ጋሼ ብቻ የወረቀቱን ፎቶ አይተው «ጥቁር ነው እንዴ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እኛስ ምንድን ነን?» ብላቸው «እኛማ ሐበሻ ነን» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ። በዚያ ዝርዝር ላይ የወጡት ስድስት ናቸው። «ምርጫው የሚቀጥለው ዓመት አይደል እንዴ?» አሉኝ ብዙዎቹ። እነዚህ አልዋሹኝም። ሰውየውን እየወደዱት ሳይመርጡ ቀሩ። ለነሱ ስለ ተወዳዳሪው ማንነት ማውራቴን ትቼ ቀኑን ፍሪጃቸው ላይ መለጠፍ ነበረብኝ።

እኔስ? የተቃዋሚውን ወረቀት አንዴም አላነበብኩም። ስለ መንገዱ ያለውን ሐሳብ ያወቅኩት ከተሸነፍን በኋላ ነው። ትሪ ይዞ ከልጄ አጠገብ የተቀመጠው ነጭ ርዕሰ መምህር ቢሆን ኖሮ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ በእግሬ እዞርለት ነበር? አላውቅም። ጋራዥ ውስጥ ያለውን ሽማግሌ ግን ሳልጠይቀው ፈርጄበታለሁ።

ለእህቴ ልጅ የመከርኳት ቢሮው ከሚሰጣት ሥልጠና ጋር አይገጥምም። ስለ ጎረቤት ጠይቂ። «መልካም ዕድል» ያለሽን ሰው 3 ስጪው። 1 የሰጠሽውን በር በሳምንቱ አንቺን የማይመስል ሰው ያንኳኳው። አለቃሽ ስልክ ቢያነሳ እስኪዘጋ ቁሚ። ክሊፕቦርዱን ስሰጣት ያቺ የድሮ ወረቀት ገና ተቆንጥጣ ነበር፤ በእስክርቢቶ፣ ደመቅ ተደርገው የተጻፉ አንዶች። «ይሄንን በምን ላጥፋው?» አለችኝ። እርሳስ ገዝቼላታለሁ።