«ወጣ ገባ» ብዬ ያሳመርኩት መንገድ

በአንድ የሕንፃ ዕቃ መጋዘን ጭነት አስተባባሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ቱሉ ቦሎ አካባቢ ለሚሠራ ጤና ጣቢያ 40 የመስኮት መስታወት እንድንልክ ታዘዝን። ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የሚያሳስበው ከአስፋልቱ ወጥቶ ያለው ነው። ለግንባታው ዘበኛ ደውዬ መንገዱን ስጠይቀው «ኧረ አባጣ ጎርባጣ ነው!» አለኝ።

የጭነት ፎርሙ ላይ «የመንገዱ ሁኔታ» የምትል ጠባብ ሣጥን አለች። የዘበኛው አነጋገር የሰፈር ወሬ መሰለኝና (ዲግሪዬ ገና ትኩስ ነበር) «ወጣ ገባ» ብዬ አሳመርኩት።

የኢሱዙው ሾፌር ያነበቡት ዳገትና ቁልቁለት ነው። መስታወቱን አቁመው፣ ወደፊትም ወደኋላም እንዳይንሸራተት በገመድ ጠፍረው አሰሩት። ከሥሩ ያነጠፉት ግን ስስ ካርቶን ብቻ ነበር።

ቱሉ ቦሎ ያለችበት በቾ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ዳገት ቢፈልጉ አይገኝም። ክረምት መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ሲጨቀይ ትራክተርና ጭነት መኪና ያርሰዋል፤ ጥቅምት ሲገባ ያው የጎማ ዱካ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቀራል። መኪናው ሲዘል ገመዱ ምን ያደርጋል? 11 መስታወት ተሰብሮ ደረሰ።

ማታ ሲመለሱ ፎርሙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። «ማነው ወጣ ገባ ያለህ?»

«ዘበኛው፣ ጋሼ።»

«እንደሱ ነው ያለህ?»

ዝም አልኩ።

«ስማ ልጄ፣ ወጣ ገባ መሬቱ ነው፤ አባይ በረሃን አስፋልት ሆኖም ወጣ ገባ ልትለው ትችላለህ። እዚያ የምፈራው ለፍሬኔ ነው። አባጣ ጎርባጣ ግን የመንገዱ ፊት ነው፤ አንዱ ጋ ያበጠ፣ ሌላው ጋ የሚጎረብጥ። ፍራሽ ጎርብጦህ አያውቅም?» ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ «ወጣ ገባማ የእኛ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ሁለት ቀን ገብቶ ሦስት ቀን ይጠፋል» አሉና ራሳቸው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የ11 መስታወት ዋጋ በጭንቅላቴ እየደመርኩ ነበር።

ኮረኮንችን ደግሞ በሌላ ቀን ነገሩኝ። አስፋልት አለመሆኑን እንጂ መጥፎነቱን አይናገርም፤ በደንብ የተጠቀጠቀ ኮረኮንች ላይ ሻይ ይዘው እንደሚነዱ ምለዋል። ሻዩን አላመንኩም።

የተሰበሩትን ለመተካት በሳምንቱ ስንልክ ዘበኛውን ደግሜ ጠየቅሁት። «ወገብ ይቆርጣል» አለኝ። እንደወረደ ጻፍኩት። ጋሼ አነበቡና ምንም ሳይሉ ረዳታቸውን ጠርተው ጭድ እንዲያመጣ ላኩት።