ሰው ፊት ስለ መብላት

ዛሬ ዓርብ ምሳዬን የበላሁት ከመሥሪያ ቤታችን አጠገብ ባለች ጠባብ ምግብ ቤት፣ ከማላውቃቸው አንድ አዛውንት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጬ ነበር። የእርሳቸው በያይነቱ ቀድሞ ስለ ቀረበ፣ እጃቸውን ታጥበው ከመቁረሳቸው በፊት ቀና ብለው «እንብላ» አሉኝ፤ እኔም «ይብሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የእኔም እየመጣ ነው» አልኳቸው።

እንዲህ ያለው ግብዣ ለይስሙላ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ጋባዡ እንግዳው እንደማይቆርስ ቢገምት እንኳ፣ እጁን ታጥቦ ቢቀርብ ከትሪው ፊት ቦታ እንደሚለቅለት አልጠራጠርም። በክፍለ ሀገር አውቶቡስም ብርቱካን የላጠ ወይም ቆሎ የፈታ መንገደኛ ጎኑ ለተቀመጠው ሳያቀርብ ብቻውን መብላት ይከብደዋል።

እናቴ መንገድ ላይ እየሄድን እንዳንበላ አጥብቃ ትከለክለን ነበር። ብዙዎች ምክንያቱን የሰው ዓይን ያደርጉታል፤ እርሷን የሚያሳስባት ግን የሚበላው ያጣ ሰው አይቶ እንዳያምረው ነበር። የክረምት በቆሎ ጥብስ ብቻ ይፈቀድልን ነበር፣ እርሱም ለሁለት ተሰብሮ። አሁን የምሳ ሰዓት አጭር፣ ቤትም ሩቅ ስለሆነ ሳምቡሳ እየበላ የሚሮጠውን ወጣት አልወቅስም፤ የሚያሳዝነኝ ፊት ለፊቱ ሰው ተቀምጦ ሳለ ከስልኩ ቀና ሳይል በልቶ የሚነሣው ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን በቢሯችን ያለውን ልማድ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይበላ፣ በፍስክ ቀን አብረን ብንወጣም ሥጋው በየትሪያችን ይለያያል። ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ሲቀርብ ግን የእርድ ጥያቄ ስለማይነሣ ሁላችንም አንድ ትሪ እንከባለን፤ መጾም የማይጠበቅባቸው ሙስሊም ባልደረቦቻችንም ከእኛ ላለመለየት ብለው የጾም ያዛሉ። እኛም በረመዳን ምሳችንን ይዘን ከክፍሉ እንወጣለን፣ ቡናም እዚያ አናፈላም። ይህን ደንብ አድርጎ የጻፈ ኃላፊ የለም፤ አዲስ የተቀጠረ ሰው እንኳ ነባሮቹን እያየ በጥቂት ቀን ውስጥ ይለምደዋል።