«ከአይፎኔ የተላከ»

ፍራንክፈርት ውስጥ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ወር፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ በባቡር ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ደንበኛ ስለ ጉምሩክ ሰነድ የላከውን ጥያቄ በስልኬ አየሁና እዚያው ቆሜ መለስሁለት። መልሴ ሁለት መስመር ነበር፤ ከሥሩ ስልኩ ራሱ የጨመረው «ፎን ማይነም አይፎን ገዘንደት» የሚል፣ «ከአይፎኔ የተላከ» ማለት የሆነ ጽሑፍ ነበረበት። የሥራ ፈቃዱ በውሉ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ትጋቱ እንዲታይለት ይፈልጋልና፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ የቅርብ አለቃዬ ለብቻዬ ጠራችኝ። የመልሴን ትክክለኛነት ካረጋገጠችልኝ በኋላ ኢሜይሌን አትማ ከአንድ ባልደረባዬ ኢሜይል ጎን አስቀመጠችው። በዚያኛው ግርጌ የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለበት ከተማ፣ የተመዘገበበት ፍርድ ቤት፣ የምዝገባ ቁጥሩና የሥራ አስኪያጆቹ ስም በትንንሽ ፊደል ተደርድሯል። የጀርመን ሕግ ኩባንያዎች እነዚህን በንግድ ደብዳቤያቸው ላይ እንዲያሰፍሩ ያስገድዳል፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ግዴታው ኢሜይልንም እንደሚያጠቃልል በግልጽ ተደንግጓል። አገር ቤት ቁጥርና ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ የሄደ ሰው ከመዝገብ ቤት እንደሚመለስ አውቃለሁና ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

የከበደኝ ሁለተኛው ጥያቄዋ ነበር። «በዚያ ሰዓት ለምን ይሠራሉ?» አለችኝ፤ ከሥራ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ጀርመኖች «ፋየርአቤንት» የሚሉት፣ የሠራተኛው የራሱ መሆኑን፣ የእኔም የማታ መልስ ውሎ አድሮ ሌሎቹን በማታ እንዲመልሱ የሚያስገድድ ልማድ እንደሚሆን አስረዳችኝ። የመኪና አምራቹ ፎልክስቫገን በ2011 እ.ኤ.አ. ከሥራ ሰዓት ግማሽ ሰዓት በኋላ ኢሜይል ወደ ሠራተኞቹ ስልክ እንዳይደርስ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከፍተኛ ኃላፊዎችን ግን አልጨመረም።

የእኛም ቢሮ ከዚህ አልራቀም። የዋና ሥራ አስኪያጃችን ኢሜይል ሰላምታ እንኳ የለውም፤ «እሺ» ይልና ያችው የአይፎን መስመር ትከተላለች፤ ቅዳሜ ማታም፣ እሑድ ጠዋትም ይመጣል። እሳቸውን ለብቻቸው የሚጠራ የለም። ያች መስመር ከእኔ ስትመጣ ግድፈት፣ ከእሳቸው ስትመጣ የሥራ ብዛት ምልክት ሆና መነበቧ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

አለቃዬ ግን ልክ ነበረች፤ የሥራውን ኢሜይል ከስልኬ አወጣሁት። ባለፈው እሑድ ሥራ አስኪያጁ የላኩልኝን የአንድ መስመር ጥያቄ ያየሁት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ስገባ ነው፤ መልሴንም ከሙሉ ሰላምታ፣ ከሙሉ ስሜና ከምዝገባ ቁጥሩ ጋር ላክሁላቸው።