ባዶው ዱቄት

ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ አንዲት ተማሪ ሁለት ቱቦ ነጭ የሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) ዱቄት አሳየችኝ። «ይሄኛው ላይሶዛይሙን ይዞታል» አለች ፈገግ ብላ፤ ላይሶዛይም የፕሮቲን ዓይነት ነው። «ያኛውስ?» ስላት ፈገግታዋ ቀነሰ። «እሱም ይዞታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊካው ገና ፈሳሽ ሳለ ፕሮቲን ይጨመርበታል። ሲጠጥር ፕሮቲኑ ታጥቦ ይወጣና ጭቃ ላይ እንደቀረ ዱካ ቅርጹ ይቀራል፤ ዓላማው ዱካው በኋላ ያንኑ ፕሮቲን ለይቶ እንዲይዝ ነው። ሁለተኛው ዱቄት የተሠራው በዚያው መንገድ ነው፣ ግን ያለ ፕሮቲን። ዳኛው እሱ ነው። ላይሶዛይም ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ የሲሊካ ገጽ ደግሞ ኔጌቲቭ። ዱካ ኖረም አልኖረም ይጣበቃሉ። ባዶውን ዱቄት ሳያሳዩ «ተሳካልን» የሚሉትን፣ እውነቴን ነው፣ አላምናቸውም።

ኬሚስቱ ፍራንክ ዲኪ በ1949 እ.ኤ.አ. ሲሊካ ላይ ዱካ ያስቀረው በሜቲል ኦሬንጅ ማቅለሚያ ነበር። ትንሽ ሞለኪውል ናት፤ መግባት መውጣቱ አይከብዳትም። ፕሮቲን ግን ግዙፍ ነው፣ እዚያው ተቀብሮ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ለሲሊካው መነሻ የሚሆነው ቴኦስ (TEOS) የተባለ ኬሚካል ከውሃ ጋር ሲገናኝ ኢታኖል ይለቃል፤ ኢታኖል ሲበዛ ደግሞ የፕሮቲኑን ቅርጽ ያበላሻል። ያኔ የሚቀረው የተበላሸው ፕሮቲን ዱካ ነው!

ተማሪዋ በሚቀጥለው ዙር ፕሮቲኑን ከመጨመሯ በፊት ኢታኖሉን አስተንና ልታስወጣው አስባለች። የቻርጁን ጣጣ ግን ገና አልተነጋገርንበትም።