የወንድሜን የኩላሊት ተራ እንዴት አስተካከልን

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ኩላሊት ለሚጠብቅ፣ ወይም የሚጠብቅ ዘመድ ላለው ሐበሻ ነው። ለእኛ ቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም።

ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚገመተው በቀመር ነው። የደም ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) መጠን፣ ዕድሜና ጾታ ይገባና ኢጂኤፍአር የሚባል ቁጥር ይወጣል። ለብዙ ዓመታት ታካሚው ጥቁር ከሆነ ይህ ቁጥር እንደ ቀመሩ ዓይነት በ1.159 ወይም በ1.212 ይባዛ ነበር። ኩላሊቱ ወረቀት ላይ ደህና ይመስላል። የንቅለ ተከላ ተራ መቆጠር የሚጀምረው ደግሞ ቁጥሩ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ፣ አለዚያም ዲያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) ሲጀመር ነው። ጥቁሩ ታካሚ ዘግይቶ ይሰለፋል ማለት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላም ነገር አለ። በብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ የኩላሊት በሽታን የሚያባብሰው አፖል-1 የተባለው የጂን ልዩነት ኢትዮጵያውያን ላይ እንዳልተገኘ በ2011 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ይህን ያህል የሚለያዩ ሰዎችን በቆዳ ቀለም ብቻ ሰብስቦ በአንድ ቁጥር ማባዛት ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

በ2021 ማባዣ የሌለው ቀመር ወጣ። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላት በሙሉ የጥቁር ታካሚዎቻቸውን መዝገብ ፈትሸው የተወሰደባቸውን ጊዜ እንዲያስመልሱ ታዘዙ። ለወንድሜም ደብዳቤ መጣ። «ከእርስዎ የሚጠበቅ ነገር የለም» ይላል። እንዲህ የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ አትቀመጡ። ማዕከሉ እጅ ያለው ታካሚው እነሱ ዘንድ ከሄደ ወዲህ ያለው መዝገብ ነው። ወሳኙ ወረቀት ከዚያ በፊት ይታከምበት የነበረው ክሊኒክ ነው ያለው።

ክሊኒኩ ግን አቃጠለን። ሐኪሙ ጡረታ ወጥተዋል፣ ቦታውም ለሌላ ድርጅት ተሸጧል። መጀመሪያ «ታካሚው ራሱ ይምጣ» አሉ። ወንድሜ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ ላይ ነው፤ ሲወጣ መቆም እንኳ ያቅተዋል። የፈረመውን ውክልና ይዤ ሄድኩ፤ «ፎርሙ የድሮው ነው» ብለው መለሱልኝ። አዲሱን ሞልተን በፋክስ ላክን፤ አልደረሰንም አሉ። በሕግ መዝገብ የጠየቀ ታካሚ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት አለበት፤ ቢራዘም ለተጨማሪ 30 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ስነግራት የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ወራት አልፈው የመጣው ፖስታ የቀጠሮ ማጠቃለያ ብቻ ነበር። አንድም የላብራቶሪ ውጤት የለበትም። ሰው በሕይወቱ ተራ እየጠበቀ እንዲህ ይደረጋል? እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መፍትሔው የመጣው ከዲያሊስስ ነርሷ ነው። ከ2014 ጀምሮ ታካሚ ውጤቱን ከላብራቶሪው በቀጥታ መጠየቅ ይችላል አለችን። ጠየቅን፣ ላኩልን። የ2016ቱ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አለ። «አፍሪካን አሜሪካን» በሚለው 23፣ ከሥሩ ጥቁር ላልሆነ ሰው 19። ወንድሜ ዲያሊስስ የጀመረው በ2018 ነበር። ማዕከሉ ወረቀቱን እንዳየ ማመልከቻውን አስገባ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ተመለሰለት። በመላ አሜሪካ እንዲህ የተስተካከለላቸው ከ14,000 በላይ ናቸው።

ስለዚህ ከላብራቶሪው ጀምሩ፤ ክሊኒኩን ጎን ለጎን ጠይቁ። ስትጠይቁ «የሕክምና መዝገብ» ብላችሁ አትተዉት፤ «የክሬቲኒንና የኢጂኤፍአር ውጤቶች በሙሉ፣ ከነቀናቸው» ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር አንድ ብቻ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ ክሬቲኒኑ ካለ ቁጥሩ በአዲሱ ቀመር እንደገና ይሰላል። ማዕከሉ ጋር ስትነጋገሩም የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ እንዲመድቡላችሁ ጠይቁ። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ።